«አለቀብኝ» በፈረንሳይኛ፦ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት አባባሎችን ስለ መማር

መግቢያ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ አካባቢ በሚገኘው አብነት የሚካሄድ ንግድ ከስልክና ከኢንተርኔት ጋር የተቆራኘ ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ሲሆን፣ በዚያች አገር ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር ይፋዊ ቋንቋ ነው። ስለሆነም ፈረንሳይኛ ለሚማር የአካባቢው ነጋዴ «ኔትወርክ የለም»፣ «ተቋረጠብኝ»፣ «ካርድ አለቀብኝ» የሚሉት አባባሎች በመጀመሪያ ከሚያስፈልጉት መካከል ናቸው። ይህ ጽሑፍ እነዚህ አባባሎች ቃል በቃል የማይተረጎሙበትን ምክንያት ያብራራል።

የቃላት ውርስ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሲደርስ «ለገሃር» የሚለውን ስም አስቀርቷል። ቃሉ በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ሲሆን፣ መስተአምሩ «ላ» ሳይነጠል ከስሙ ጋር ተጣብቆ ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም ደግሞ የአመራር ሥራው በውል ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጥቶ ነበር። ሆኖም የተጠቃሚው ቃላት ማለትም ኔትወርክ፣ ዳታ፣ ፓኬጅ፣ ዋይፋይ ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። ተማሪው «ሬዞ» (ኔትወርክ)፣ «ፎርፌ» (ፓኬጅ)፣ «ሞ ደ ፓስ» (የይለፍ ቃል) የሚሉትን እንደ አዲስ መያዝ ይኖርበታል። ዋይፋይም ቢሆን በፈረንሳይኛ «ዊፊ» ተብሎ ይነበባል።

የባለቤት ለውጥ

ዋናው ችግር ግን ከቃላት ይልቅ በሰዋስው ላይ ነው። «ካርድ አለቀብኝ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ካርዱ ነው፤ ተናጋሪው «-ብኝ» በሚለው ቅጥያ ጉዳት የደረሰበት ሆኖ ይገባል። ፈረንሳይኛ ከግሥ መጨረሻ የሚለጠፍ እንዲህ ያለ ቅጥያ የለውም። ስለዚህ ሰውየውን ባለቤት አድርጎ «ዠ ኔ ፕሉ ደ ክሬዲ» ይላል፤ ፍቺውም «ከእንግዲህ ሒሳብ የለኝም» ነው። «እዚህ ኔትወርክ አይዝም» ለማለትም ተናጋሪው ራሱን ባለቤት አድርጎ «ዠ ነ ካፕት ፓ» ማለቱ የተለመደ ነው። ይኸው አባባል በወዳጅ ጨዋታ «አልገባኝም» ማለትም ስለሚሆን ፍቺው ከዐውዱ ይለያል።

ኃላፊነትን የሚለዩ ግሦች

አማርኛ «ስልኩ ተቋረጠ» እና «ስልኩን ዘጋብኝ» በማለት የመስመር ብልሽትን ከሰው ፈቃድ ይለያል። በፈረንሳይኛ «ሳ ኣ ኩፔ» መስመሩ መቋረጡን ሲገልጽ፣ «ዤ ራክሮሼ» ተናጋሪው ራሱ ስልኩን መዝጋቱን ይገልጻል። በዋጋ ድርድር መካከል መስመር የተቋረጠበት ነጋዴ መልሶ ደውሎ ሁለተኛውን ቢጠቀም፣ ሆነ ብሎ ንግግሩን እንዳቋረጠ ያስቆጥረዋል። ለንግድ እምነት ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

የድምፅ ወጥመድ

በዕለታዊ ንግግር የአሉታ ምልክቱ «ነ» ብዙ ጊዜ ይዋጣል። ያን ጊዜ «ዤ ፕሉ ደ ክሬዲ» ማለት «ሒሳብ አልቆብኛል» ሲሆን፣ «ዤ ፕሉስ ደ ክሬዲ» ደግሞ «የበለጠ ሒሳብ አለኝ» ማለት ነው። ልዩነቱ በመጨረሻው የ«ስ» ድምፅ ብቻ ነው። በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፊደል ስላላቸው፣ ልዩነቱ ከመጽሐፍ ይልቅ በጆሮ የሚለመድ ነው። በተጨማሪም የ«ፕሉ» አናባቢ በአማርኛ ስለሌለ ከላይ ያለው የፊደል አጻጻፍ ግምታዊ ነው፤ ተማሪው ከንፈሩን ለ«ኡ» አሹሎ በምላሱ «ኢ» ለማለት ቢሞክር ወደ ትክክለኛው ድምፅ ይቀርባል።

ማጠቃለያ

ለጀማሪ የሚዘጋጅ ትምህርት የነጠላ ቃላት ዝርዝር ከመሆን ይልቅ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ከአማርኛ አቻቸው ጋር ጎን ለጎን ቢያቀርብ፣ በእያንዳንዱም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ቢያሳይ ይመረጣል። «ለገሃር» የሚለውን ቃል ሰው በጆሮው ሰምቶ እንዳለ እንደወሰደው ሁሉ፣ «ሳ ኣ ኩፔ»ም እንዳለ ቢያዝ ይጠቅማል። አፈታቱን በኋላ ማስተማር ይቻላል።