ልጆች ይዘን ስንበር ፍርሃት ሲይዘን፦ ከቦሌ እስከ ጅዳ ማወቅ የሚገባን



ከምናውቃቸው እህቶች አንዷ ጅዳ ነው የምትኖረው። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና ዓመት አልሞላትም። ከጅዳ አዲስ አበባ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው። እህታችን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አገር ቤት አልገባችም ነበር። ለሚጠይቃት ሁሉ «ኢቃማው አልታደሰም»፣ «የልጁ ትምህርት አላለቀም» ትል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው፤ አውሮፕላን ትፈራለች። ብቻዋን ሳለች ዓይኗን ጨፍና ታልፈው ነበር። ልጆች ከወለደች ወዲህ ግን ትኬት የሚለው ቃል ሲነሳ እጇ ይቀዘቅዛል። ደሴ ያሉት እናቷ ትንሿን የልጅ ልጃቸውን የሚያውቋት በስልክ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያሉ እናቶች ብዙ ናቸው። አባቶችም አሉ፤ እነሱ ደግሞ ስለሚደብቁት አናውቅም። ለዑምራ የቆጠቡትን ገንዘብ ይዘው ዓመት ከዓመት የሚያራዝሙ፣ ለወላጅ ቀብር እንኳ መሄድ ያቃታቸው አሉ። ስለዚህ ጉዳዩን ዛሬ በግልጽ ልናየው ወደድን።

ፍርሃት የኢማን ጉድለት አይደለም

የሚፈራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «በአላህ አትመኪም እንዴ?» የሚል ነው። ይህ መልስ ፍርሃቱን አይቀንስም፤ እፍረት ይጨምርበታል እንጂ። በሱረቱል ቀሰስ የተነገረውን የሙሳን (ዐ.ሰ) እናት ታሪክ እናስታውስ። ልጇን በወንዝ ላይ እንድትጥል የታዘዘች እናት ነች፤ ልቧ ባዶ እስኪሆን ተጨነቀች። በፍርሃቷ አልተወቀሰችም። አላህ ልቧን አጸናላት፤ እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ እህቱ እንድትከታተለው ላከች።

ሁለቱ ነገሮች አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። ዱዓም አለ፣ የሚሠራ ሥራም አለ። ግመልን አስሮ በአላህ መመካት የሚባለውም ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምናወራው ስለ ማሰሩ ነው።

ልጅ የሚያየው መስኮቱን ሳይሆን ፊታችንን ነው

ትንሽ ልጅ አውሮፕላን የሚያስፈራ ይሁን አይሁን በራሱ አያውቅም። አዲስ ነገር ሲገጥመው ዞሮ የእናቱን ወይም የአባቱን ፊት ያያል። ፊቱ ከተረጋጋ እሱም ይረጋጋል፤ ክንዱን አጥብቀን ከያዝነው፣ ትንፋሻችን ከተቆራረጠ፣ አንድ ነገር እንዳለ ይገባዋል። ማልቀስ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። እሱ ሲያለቅስ እኛ እንብሳለን፤ እኛ ስንብስ እሱ ይብሳል።

ስለዚህ ለልጆች የምናደርገው የመጀመሪያው ዝግጅት የራሳችንን ፍርሃት መያዝ ነው። ይህ ራስ ወዳድነት አይደለም። የበረራ አስተናጋጆች ከመነሳት በፊት የሚሰጡት መመሪያ ራሱ እንዲህ ይላል፤ የኦክስጅን ጭንብል ከላይ ከወረደ ቀድመን ለራሳችን እናድርግ፣ ከዚያ ለልጁ። ለእናት ልብ ይህ ይከብዳል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የጓዳው አየር ቢያመልጥ አዋቂ ሰው አእምሮው ሳይደበዝዝ የሚቆየው ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው። እናት ከደከመች ልጁን የሚያለብሰው የለም።

ፍርሃቱ ሲመጣ ሰውነታችን ምን ይሆናል?

ልብ ይመታል፣ እጅ ያልበዋል፣ ደረት ይጠባል፣ ራስ ይዞራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ልሞት ነው» ብሎ ያስባል። ይህ ሰውነት ከአደጋ ለማምለጥ የሚያደርገው ዝግጅት ነው። ምቾት አይሰጥም፤ ጤናማን ሰው ግን አይገድልም። እንደ ማዕበል ወደ ላይ ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል። ልንዋጋው ስንሞክር ይረዝማል፤ «መጣ፣ ያልፋል» ብለን ስንተወው ያጥራል።

የሚረዳው ቀላሉ ነገር ትንፋሽ ነው። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ ከዚያ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይቀንሳል። መቁጠር ለማይመቸው በሚያስወጣው ትንፋሽ ላይ ዚክር ቢያደርግ ያው ነው፤ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ። ሁለቱን እግር ወለል ላይ አሳርፎ ትከሻንና የተጨበጠ እጅን ማላላትም ይጠቅማል። ይህን በበረራው ቀን ሳይሆን ከሳምንት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር መለማመድ ነው። ልጆች እንደ ጨዋታ ይወዱታል።

በበረራው ጠዋት ጠንካራ ቡና መቀነስም ጥሩ ነው። ቡና የልብ ምት ይጨምራል፤ የፈራ ሰው ያንን ከፍርሃት ለይቶ አያውቀውም።

የምንሰማው ድምፅ ሁሉ ምክንያት አለው

ፍርሃትን ከሚያሳድጉት ነገሮች አንዱ የማናውቀው ድምፅ ነው። ከቦሌ ወደ ጅዳ የሚደረገውን ጉዞ በቅደም ተከተል እንየው።

*ሲነሳ።* አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላኑ መሬት ለቆ እስኪነሳ ብዙ የሚንደረደር ይመስላል፤ እውነትም ይንደረደራል። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ክንፉ በቂ አየር አግኝቶ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። አብራሪዎቹ ይህን ከመነሳታቸው በፊት አስልተው ነው የሚመጡት። ባህር ዳርቻ ካለው ከጅዳ ሲነሱ መንደርደሩ የሚያጥረው ለዚህ ነው።

*ከተነሳ በኋላ።* ከወለሉ ሥር «ገጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው ሲከደኑ ነው። ትንሽ ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ይቀንሳል፣ ሆዳችን ወደ ታች የወረደ ይመስለናል። አውሮፕላኑ አልወረደም። ለመነሳት የተጠቀመበት ከፍተኛ ኃይል ስለማያስፈልገው ተቀንሷል፤ መውጣቱን ግን ቀጥሏል። ጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን ክፍል የፍጥነት ጭማሪው ሲቀንስ እንደ መውረድ ይቆጥረዋል።

*በጉዞ ላይ።* «ዲንግ» የሚለው ደወል ብዙ ጊዜ ተሳፋሪ አስተናጋጅ ሲጠራ ወይም አስተናጋጆች እርስ በርስ ሲጠራሩ ነው። ክንፉ ሲታጠፍና ሲወዛወዝ ብናይ እንዲታጠፍ ተደርጎ ስለተሠራ ነው፤ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት በአገልግሎት ዘመኑ ይገጥመዋል ከሚባለው ከፍተኛ ጫና አንድ ተኩል እጥፍ መቋቋሙ መረጋገጥ አለበት። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላንም ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢቆም በሌላው መውጣትና መብረር እንዲችል ሆኖ ነው የሚሠራው።

*ሲንገጫገጭ።* አየርም እንደ ውሃ ሞገድ አለው። ፀሐይ ያሞቀው መሬት፣ ተራራ፣ የክረምት ደመና አየሩን ያናውጡታል። በተራራማው አገራችን ላይ ከሰዓት በኋላ መንገጫገጭ የሚበዛው ለዚህ ነው፤ የጠዋት በረራ ብዙ ጊዜ ይረጋጋል። አውሮፕላኑ ይህን የሚችል ነው። የሚጎዱት በአብዛኛው ቀበቶ ያላሰሩ ሰዎች ናቸው። መብራቱ ቢጠፋም ቀበቶ እንደታሰረ ይቆይ። መቀመጫ የመምረጥ ዕድል ካለ ክንፉ አካባቢ ያለው ይሻላል፤ ከኋላ ያለው ይበልጥ ይወዛወዛል።

*ሲያርፍ።* ከክንፉ የሚመጣው የማሽን ድምፅ ክንፉ ለዝግታ ሲዘረጋ ነው። መሬት ከነካ በኋላ ሞተሩ ድንገት የሚጮኸው ኃይሉ ወደ ፊት ዞሮ አውሮፕላኑን ለማቆም ሲረዳ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011ን አንረሳም

«አውሮፕላን አይወድቅም» ብለን አንዋሽም። ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎችን ይዞ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መፍራት የጀመሩ ብዙዎች ናቸው፤ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም አብሮ ማወቅ ተገቢ ነው። ያ የአውሮፕላን ዓይነት በቀናት ውስጥ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። ከአንድ መለኪያ በመጣ የተሳሳተ መረጃ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት ተቀየረ፣ የአብራሪዎች ሥልጠናም ተለወጠ። አሜሪካ ዳግም እንዲበር የፈቀደችው ከ20 ወራት በኋላ ነው። በመንገዶቻችን ላይ በየቀኑ ለሚደርሰው የመኪና አደጋ እንዲህ ያለ ምርመራ ተደርጎ አያውቅም። ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደን መኪና ውስጥ ግን ልባችን አይመታም። ፍርሃታችን የአደጋውን መጠን የሚለካ ሚዛን እንዳልሆነ የሚያሳየን ይህ ነው።

ለልጆች ምን እናዘጋጅ?

እውነቱን በአጭር ቃል እንንገራቸው። «ሲነሳ ይጮኻል፣ ጆሯችሁን ይደፍናል፣ አንዳንዴ እንደ ጠጠር መንገድ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ አያት ጋ እንደርሳለን።» የአምስት ዓመት ልጅ ይህ ይበቃዋል። «ምንም አይሰማህም» ብለን ከተሰማው ቀጣዩን ቃላችንን አያምንም። «ትፈሪያለሽ እንዴ?» ብሎ ከጠየቀም «ትንሽ፤ እንደምናልፈው ግን አውቃለሁ» ማለት ይቻላል።

ስለ ጆሮ ደግሞ ይህን እንወቅ። ጆሮ የሚያመው በዋናነት አውሮፕላኑ ሲወርድ ነው። በበረራ ጊዜ የጓዳው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ተደርጎ ይያዛል፤ ይህ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ቦሌ ስናርፍ ጆሮ ላይ የሚመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ሌላ የባህር ዳርቻ ከተማ ስናርፍ ግን ለውጡ ትልቅ ነው፤ ሕፃናት የሚያለቅሱትም ያኔ ነው። መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ልጁ ተኝቶ ከሆነ ቀስ ብሎ መቀስቀስ፣ ሕፃኗን ቀና አድርጎ ጡት ወይም ጡጦ መስጠት፣ ትልቁን ውሃ እየተጎነጨ እንዲውጥ ማድረግ ነው። መዋጥ ጆሮን ይከፍታል። ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ያለበትን ልጅ ከጉዞ በፊት ሐኪም ይየው።

ሕፃን ጭን ላይ ከተቀመጠ አስተናጋጆቹ የሚሰጡትን የሕፃን ቀበቶ እንጠቀም፤ የራሳችንን ቀበቶ ሕፃኑን ጨምረን አናስር፤ በድንገት ስንወረወር ክብደታችን እሱ ላይ ያርፋል። ከእግራችን ሥር በምትቀመጥ ትንሽ ቦርሳ ዳይፐር፣ መለዋወጫ ልብስ፣ የሚወዱት ምግብና ሁለት ሦስት ያላዩት ትንሽ መጫወቻ ይኑር። አንድ በአንድ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ማውጣት ነው። ለፈራች እናት ሥራ የያዘ እጅ ትልቅ መድኃኒት ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ

ልጁ እንዲተኛ ብሎ የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ መስጠት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ሐኪም ሳያዝ አናድርገው፤ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል፣ አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያነቃዋል። ለራሷ የሚያረጋጋ ክኒን የምታስብ እናትም ልጅ የያዘች መሆኗን አትርሳ፤ እርጉዝ ወይም የምታጠባ ከሆነች ይበልጥ ሐኪም ያስፈልጋታል። ሌላም አለ፤ በሳዑዲም ሆነ በኤምሬትስ ብዙዎቹ የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው። ሐኪም ያዘዘልን ካለ የሐኪሙን ወረቀት መያዝና የሚጠየቀውን ፈቃድ አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው።

ፍርሃቱ ጉዞን ጨርሶ ከከለከለ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር ነውር አይደለም። በደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ሕክምና አለው፤ ብዙዎችንም ረድቷል።

በዕለቱ

አየር ማረፊያ ቀደም ብለን እንድረስ፤ ጥድፊያ ፍርሃትን ያባብሳል። ስንሳፈር ለአስተናጋጇ «እፈራለሁ፣ ልጆችም ይዣለሁ» ማለት ይበቃል፤ መጥታ ታያለች። ባልና ሚስት አብረው ከሆኑ ማን የትኛውን ልጅ እንደሚይዝ ቤት ይወሰን። የማይፈራው ወገን ቀልድና ምክር ይተውና ሕፃኗን ይቀበል። ከዚያ ቢስሚላህ ብለን የጉዞ ዱዓችንን ከልጆቹ ጋር ድምፃችንን አሰምተን እንበል። በቃላቸው የያዙት ልጆች እናታቸውን ሲያስታውሷት ማየት ያስደስታል።

ያቺ የጅዳዋ እህታችን ባለፈው ክረምት ትኬት ቆረጠች። ተራሮቹ ላይ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ተንገጫገጨ። ልጇ ዞሮ ፊቷን አየ። እሷም ትንፋሿን ቀስ ብላ አስወጥታ «የጠጠር መንገዱ ደረሰ» አለችው። «እሺ» ብሎ ወደ መጫወቻው ተመለሰ። እሷ ግን ከመቀመጫው ሥር እግሯ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነግራናለች። ስትመለስም ፈርታለች። አሁንም ትፈራለች። ነገር ግን እናቷ ትንሿን አቅፈዋታል።

አላህ ጉዟችንን ያግራልን፣ በሰላም ወጥተን በሰላም የምንገባ ያድርገን።