ጀልባው ለምን ይዘላል?

ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ነፋስ የለም። ነጂው ነዳጅ ሲጨምር ግን የጀልባው አፍንጫ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው፤ ከዚያ ምቱ እየከረረ ይሄድና ተሳፋሪው መቀመጫውን በሁለት እጁ ይጨብጣል። ብዙ ሰው ሞተሩን ይጠረጥራል። ማዕበል በሌለበት የሚመጣ ዝላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የሞተሩ ጤና ሳይሆን የጥቂት ዲግሪ ማዕዘን ነው።

የቆመን ጀልባ የሚሸከመው የገፋው ውሃ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ውሃው ከታች እየመታ ያነሳዋል፤ ጀልባውም ውሃውን መሰንጠቁን ትቶ በላዩ ይንሸራተታል። ያኔ ውሃ የሚነካው የሆዱ ክፍል ወደ ኋላ ይሸሻል። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ካለ ይህ ክፍል በጣም ያጥርና የፊቱን ክብደት የሚደግፍ ነገር ይጠፋል። አፍንጫው ይወድቃል፤ ሲወድቅ ሰፊ ሆድ ውሃውን ይመታል፤ ምቱ መልሶ ያነሳዋል። አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይቀጥላል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳንኤል ሳቪትስኪ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት ዝላዩ የሚጀምርበት ማዕዘን ከጭነትና ከፍጥነት ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ አሳይቷል።

ማዕዘኑን የሚወስኑት በዋናነት የጭነቱ አቀማመጥና ፕሮፔለሩ የሚገፋበት አቅጣጫ ናቸው። ፕሮፔለሩን የያዘው የሞተሩ እግር ወደ ጀልባው ሲጠጋ ኋላው ይነሳና አፍንጫው ዝቅ ይላል፤ እግሩ ሲርቅ አፍንጫው ቀና ይላል። ትሪም የሚባለው ይኸው ማስተካከያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻ መፍቻ አይፈልግም። ጀልባውን አቁሞ ከኋላ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ወደ ፊት ማዛወርና እንደገና መሞከር ነው። ዝላዩ ከቆመ ነገሩ የክብደትና የማዕዘን ነው። በትናንሽ ሞተሮች ላይ ማዕዘኑን የሚይዘው በቀዳዳዎች ውስጥ የሚሰካ ፒን ስለሆነ፣ ፒኑን አንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባው ማስጠጋት ብቻ ጀልባውን እንደ ሰጋር በቅሎ ሊያደርገው ይችላል። ነገር ግን ከመጠን በላይ ማስጠጋት አደገኛ ነው፤ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ሲቀበር መሪው ይከብዳል፣ ጀልባውም ሳይታሰብ ወደ አንድ ጎን ሊጠመዘዝ ይችላል።

ጣና ላይ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ሰው የሞላበት ጀልባ መንሸራተት ሳይጀምር አፍንጫውን ሰቅሎ፣ ኋላውን እየጎተተ የሚቀረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነጂው ከፊቱ ያለውን ታንኳ እንኳ ማየት ይቸገራል። እዚህ ላይ ትሪም ብቻውን አያድንም፤ በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር መግጠም ያስፈልጋል።

ማዕበል ሲኖር ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ እስከ ናሶ በተደረገው ውድድር፣ ሬይ ሃንት የነደፋትና ሪቻርድ በርትራም ያሰለፋት «ሞፒ» የተባለች ጀልባ በከባድ ማዕበል ውስጥ አሸነፈች። ምስጢሩ ከአፍንጫ እስከ ኋላ ጥልቅ ሆኖ የዘለቀው የቪ ቅርጽ ሆድ ነበር። ሹል ሆድ ማዕበሉን ይቆርጠዋል፤ ጠፍጣፋው ግን በጥፊ ይመታዋል። በአብዛኛው ጀልባ ሹሉ ክፍል ያለው ከፊት ስለሆነ፣ ማዕበል ላይ ፍጥነት ቀንሶ አፍንጫውን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ የወገብ ሕመምን ያስቀራል።

ትሪሙ በሃይድሮሊክ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉን ተጭኖ ማዳመጥ ብዙ ይናገራል። ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ባትሪውን፣ የዛገውን ገመድና ሪሌይውን መፈተሽ ነው። ፓምፑ እየዞረ እግሩ ካልተንቀሳቀሰ ወይ ዘይት ጎድሏል፣ ወይ በእጅ የሚፈታው ቫልቭ ላልቷል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ከሁሉ የሚያደናግረው ግን በጉዞ ላይ ቀስ በቀስ የሚሸነፈው እግር ነው። ነጂው በትክክል ያስተካክለዋል፤ የፕሮፔለሩ ግፊት እግሩን መልሶ ወደ ጀልባው ይገፋዋል፤ አፍንጫው ይከብዳል፤ ነጂው ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። ይህ የቫልቭ ወይም የጎማ ማሸጊያ ማፍሰስ ምልክት ነው። ተነሥቶ ባልተደገፈ እግር ሥር ግን ማንም እጁን አያስገባ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ዝላዩ ካልቆመ ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ ሆዱን ማየት ነው። ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ከኋላ ጫፍ ወደ ፊት ሲያስጠጉበት መሃሉ ከነካና ጫፉ ላይ ክፍተት ከታየ፣ ሆዱ ወደ ውጭ አብጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሆድ ኋላውን ወደ ታች እየሳበ አፍንጫውን ያነሳል። መሃሉ ላይ ክፍተት ካለ ደግሞ ጎድጉዷል፤ አፍንጫውን ይጫናል። የፋይበርግላስ ጀልባ በማይመጥን ድጋፍ ላይ ለወራት ሲቀመጥ እንዲህ ሊጣመም ይችላል። ይህን የሚያቃናው የፋይበርግላስ ሠራተኛ እንጂ የሞተር መካኒክ አይደለም።