አፕዴቱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር

የቤት ኮምፒውተርን ከኢንተርኔት ጥቃት ስለመጠበቅ ሲወራ፣ ወሬው ብዙ ጊዜ «የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል?» ላይ ያርፋል። ትልቁ ክፍተት ግን ሌላ ነው፤ አምራቹ ደርሶበት ማስተካከያ ያወጣለት፣ እኛ አፕዴት ባለማድረጋችን ሳይደፈን የቆየ ቀዳዳ።

ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ፕሮግራም ይህን በግልጽ አሳይቷል። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ሥርዓት ላይ የነበረውን ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት የለቀቀው እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ነው። በኤፕሪል፣ ሻዶው ብሮከርስ የተባለ ቡድን በዚሁ ቀዳዳ ለመግባት በአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የተሠራውን መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ ዘረገፈው። ሜይ 12 ቀን ዋናክራይ ተነሣ፤ በጥቂት ቀናት 150 ያህል አገሮች ውስጥ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ፣ ፋይል እየቆለፈ በቢትኮይን 300 ዶላር ጠየቀ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ቀጠሮ አሰረዘ። ማስተካከያው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው፣ ማለትም በጊዜው አፕዴት ይደርሳቸው የነበሩ ኮምፒውተሮች ናቸው።

«የእኔ ኮምፒውተር ምን አለውና?» የሚል ይኖራል። ዋናክራይ ግን ሰው መርጦ አልሄደም። ቀዳዳው ያልተደፈነበትን ኮምፒውተር ራሱ በኔትወርክ እያሰሰ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ይገባ ነበር። የተቆለፈው ፋይል ለሌባው ዋጋ ባይኖረውም ችግር የለበትም፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ወይም የልጅ ፎቶው ለባለቤቱ ውድ መሆኑ ለማስከፈል ይበቃዋል።

ከዚህ የከበደው መቃወሚያ የገንዘብ ነው። እኛ አገር ዳታ በጥቅል ስለሚገዛ አንድ ትልቅ አፕዴት ጥቅሉን ሊጨርሰው ይችላል። ላፕቶፑም ብዙ ጊዜ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ እንዲሠራ የተደረገ ዊንዶውስ ተጭኖበት፣ ክራኩ እንዳይበላሽ አፕዴቱ ተዘግቶ ይሸጣል። ስለዚህ ጥፋቱን በተጠቃሚው ስንፍና ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም የዳታው ወጪ መላ አያጣም። በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ዋይፋይ ማውረድ ይቻላል፤ ዳታ ካነሰም ብሮውዘሩን ማስቀደም ይሻላል፣ ከውጭ የሚመጣውን ብዙውን ነገር የሚቀበለው እሱ ነውና። የክራኩ ነገር ግን ይለያል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ሲጫን አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ የሚጠይቅ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ካገኘ በኋላ፣ የቀረው ጥበቃ ሁሉ እምነት አይጣልበትም።

አፕዴት ብቻውን የማይመልሰው ጥቃትም አለ። በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ኪዳኔ በሚል የተለወጠ ስም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሶ ነበር። ክሱ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ፕሮግራም ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በኢሜይል በደረሰው የዎርድ ፋይል በኩል ነው ይላል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩን የመዳኘት ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን የዘጋው ማርች 14 ቀን 2017፣ የማይክሮሶፍት አፕዴት በወጣበት በዚያው ዕለት ነው። እንዲህ ካለው ወጥመድ የሚያድነው፣ የሚያውቁት ሰው የላከውን ያልተጠበቀ ፋይል እንኳ ከመክፈት በፊት ደውሎ መጠየቅ ነው። ፋይል ቆላፊን ለመቋቋም ደግሞ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ የፋይሎቹን ቅጂ መያዝ ይረዳል።

አሁን የሚያሳስበው ዊንዶውስ 10 ነው። መደበኛ አፕዴቱ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ደግሞ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች አያሟሉም። አዲስ መግዛት ለማይችል ሰው፣ በነጻ የሚገኘውና አፕዴቱ ያልተቋረጠው፣ ኡቡንቱ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለጽሑፍም ለኢንተርኔትም ይበቃል፤ ኮምፒውተር ሻጮችም ክራክ ከሚጭኑ እሱን ጭነው ቢሸጡ ለገዢው የተሻለ ውለታ ይውላሉ።