«ግልጽ መመሪያ» ግልጽ የሚሆነው ለማን ነው?

የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሁለት ባቡሮች መተላለፊያ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ ይወርዳል፤ መስከረም 25 ቀን 2009 የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የተመረቀውም በለቡ ጣቢያ ነው። በሀዲድ ላይ የሚሠራ ሰው ሲጎዳ ኪሳራውን ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ ግን ከሁለቱም በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የሀዲድ መቀየሪያ ጠባቂ ባጠፋው ጥፋት እጁን ያጣ የባቡር ነጂ ከኩባንያው ካሳ እንዳይጠይቅ ፈረደ። ዳኛ ሌሙኤል ሾው፣ ሠራተኛው አደጋውን ከነደመወዙ ተቀብሎታል አሉ። አሜሪካ ይህን የቀየረችው እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ዛሬም የባቡር ሠራተኛ የአሠሪውን ቸልተኝነት ማስረዳት አለበት።

የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከዚህ ይሻላል። በአንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው። ይሁንና ሠራተኛው ግልጽ የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ፣ ጉዳቱን ሆን ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰ ይቆጠራል። ይህ በር በሰፊው ከተከፈተ የሾው ፍርድ በጓሮ ይመለሳል። ስለዚህ «ግልጽ» የሚለው ቃል ሙሉ ክብደቱ ሊሰጠው ይገባል። አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅና እንዲያስተምር ያስገድዳል። የጅቡቲ መስመር በመጀመሪያ ዓመታቱ በቻይና ኩባንያዎች ይንቀሳቀስ እንደነበር ላስታወሰ፣ መመሪያው ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ መነገሩ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መመሪያው መድረሱንም ሆነ ጉዳቱ ከጥሰቱ መምጣቱን ማስረዳት ያለበት፣ ነፃ ልውጣ የሚለው አሠሪ ነው።

እንዲህ ከሆነ በሀዲድ ላይ ሥነ ሥርዓት ይላላል የሚሉ አሉ። ስጋቱ አይናቅም፤ የአንድ ሰው ቸልታ የብዙዎችን ሕይወት ያጠፋል። ግን ለጥፋት የዲሲፕሊን እርምጃ አለ፤ የሕክምናና የኑሮ ድጋፍን መንፈግ የቅጣት መሣሪያ አይደለም። ሸክሙም ልክ አለው፦ በጊዜያዊ ጉዳት የሚከፈለው ለሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዩ ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዩ ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው።

ዳኞች ሆይ፣ «መመሪያ ጥሷል» የሚል መልስ ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ መመሪያው የት፣ መቼ፣ በምን ቋንቋ እንደተነገረው ጠይቁ።