መቼ ተያዘች?

አንዲት ነፍሰ ጡር ለመጀመሪያ ክትትሏ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ደሟ ለቂጥኝ ይመረመራል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ከዚያ የተረፈው ደም ስም ሳይጻፍበት ለኤችአይቪም ይመረመር ነበር። ያኔ ስለ ስርጭቱ የምናውቀውን አብዛኛውን ያገኘነው ከእነዚህ እናቶች ደም ነበር። ለራሳቸው ግን ከዚያ ምርመራ የደረሳቸው ውጤት የለም፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቁጥሩም ቢሆን ጎደሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ለ2003 በዋናነት ከክትትል ጣቢያዎች ተነስቶ የተሰላው የአዋቂዎች ስርጭት 4.4 በመቶ ነበር፤ በ2005 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ደም ሲወስድ 1.4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስርጭት ማን ከአሥር ዓመት በፊት፣ ማን ባለፈው ወር እንደተያዘች አይለይም። መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች በሕይወት ኖረው ደግመው ያረግዛሉ። ይህ ደስታ ነው፤ ስሌቱን ግን ያወሳስበዋል።

ባለሙያዎች መጀመሪያ የያዙት መላ ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ነፍሰ ጡሮች ለይቶ ማየት ነበር፤ በዚህ ዕድሜ የተያዘች ሴት ከተያዘች ብዙ ጊዜ አይሆናትምና። ቀጥሎ ቤተ ሙከራው መጣ። ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂትና ደካማ ነው፤ እያደር ይበረታል። ቤድ የተባለው ምርመራ በዚህ ላይ ቆመ። ነገር ግን ቆየት ያሉትንም፣ በጣም የታመሙትንም "አዲስ" እያለ አስቸገረ። 1,000 ነፍሰ ጡሮች ተመርምረው 30ዎቹ ቫይረሱ ተገኘባቸው፣ በቅርቡ የተያዘችውም አንዷ ብቻ ናት እንበል። ምርመራው ከቀሩት 29 መካከል ሁለቱን ቢሳሳት፣ አዲስ የመያዝ መጠኑ ሦስት እጥፍ ሆኖ ይወጣል። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005 ለዚህ ዓይነት ግምት እንዳይጠቀሙበት ያሳሰበው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ የተሻለ ምርመራ አለ፤ በደም ያለው የቫይረስ መጠንም አብሮ ይታያል።

እኔን የምታሳስበኝ ግን በሦስተኛ ወሯ "ነፃ ነሽ" ተብላ በሰባተኛው የተያዘችው ናት። አዲስ በተያዘ ሰው ደም ውስጥ ቫይረሱ እጅግ ይበዛል፤ ለጽንሱ አደጋው የሚከብደውም ያኔ ነው። ካርዷ ላይ የተጻፈው ያው የመጀመሪያው ውጤት ስለሆነ መድኃኒት የሚያስጀምራት የለም። ልትወልድ ስትቃረብና ስታጠባ ደግሞ ብትመረመር፣ እሷም ውጤቷን ታውቃለች፤ አዲስ የተያዙትንም ከእሷና ከመሰሎቿ ካርድ ላይ መቁጠር ይቻላል።