ከአንድ ሻጭ የመላቀቅ ዋጋ፦ የኢኮኖሚ ደኅንነትና የጃፓን የማዕድን አቅርቦት



«የኢኮኖሚ ደኅንነት» የሚለው ሐረግ በየመግለጫው ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ የሳሳ ይመስለኛል። ዛሬ የምመለከተው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አንድ አገር ከአንድ ሻጭ ጥገኝነት ለመውጣት ሲወስን ወጪውን ማን፣ ለምን ያህል ጊዜ ይሸከመዋል? ለዚህ የጃፓን ተሞክሮ ጥሩ ማሳያ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በሴፕቴምበር 2010 ጃፓን ሴንካኩ፣ ቻይና ደግሞ ዲያኦዩ በሚሏቸው ደሴቶች አቅራቢያ አንድ የቻይና ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ከጃፓን የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች መርከቦች ጋር ተጋጨ። ጃፓን የጀልባውን አዛዥ አሰረች። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጃፓን የሚላኩ ብርቅዬ የምድር ማዕድናት በቻይና ወደቦች መያዛቸውን ነጋዴዎች ተናገሩ፤ ቤጂንግ በበኩሏ ክልከላ አለማውጣቷን ገለጸች። ለመኪና ሞተርና ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚያስፈልገው ብርቱ ማግኔት የሚሠራው ከእነዚህ ማዕድናት ነው። በወቅቱ ጃፓን ከምትገዛው 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከቻይና ነበር።

ስማቸው ብርቅዬ ይሁን እንጂ ማዕድናቱ በብዙ አገሮች ምድር ውስጥ ይገኛሉ። ብርቅ የሆነው ማጣሪያው ነው። በባሕርያቸው እጅግ የሚመሳሰሉትን ንጥረ ነገሮች በኬሚካል መነጠል አድካሚ ነው፤ ዝቃጩም ብዙ ጊዜ ጨረር አመንጪ ቶሪየም ይይዛል። በዚህ ምክንያት ሌሎች አገሮች ሥራውን ቀስ በቀስ ለቻይና ትተውላት ነበር። ስለሆነም ጃፓን ማዕድን ማውጫ ብቻ አልፈለገችም። በ2011 አንድ የመንግሥት ተቋሟና ሶጂትስ የተባለው የንግድ ኩባንያ ለአውስትራሊያው ሊናስ 250 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ። ማዕድኑ በምዕራብ አውስትራሊያ ከማውንት ዌልድ ይወጣል፤ ከዚያም ማሌዥያ ውስጥ ኩዋንታን አጠገብ ይጣራል።

ፈተናው የመጣው ዋጋ ሲወድቅ ነው። በ2011 ጣራ የነካው ዋጋ በቀጣዮቹ ዓመታት አሽቆለቆለ፤ የአሜሪካው ሞሊኮርፕ በ2015 ለኪሳራ ተዳረገ። ሊናስም ከዚያው አፋፍ ደርሶ ነበር፤ የጃፓን አበዳሪዎቹ ግን የመክፈያ ጊዜውን አራዘሙለት፣ ወለዱንም ቀነሱለት። በተራ ባንክ ሚዛን ይህ መጥፎ ብድር ነው። እንደ እኔ አመለካከት ግን የኢኮኖሚ ደኅንነት እውነተኛ ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ርካሹ ሻጭ በሩን ከፍቶ ሳለ ውዱን ሻጭ በሕይወት ማቆየት። (እኛም በ1990 ዓ.ም. ከአሰብ ወደ ጅቡቲ በፍጥነት ዞረናል፤ ያ ግን አንዱን በር በሌላ መተካት እንጂ በር ማብዛት አልነበረም።)

ውጤቱ ከፊል ነው። የቻይና ድርሻ ወደ 60 በመቶ ገደማ ዝቅ ቢልም፣ ማግኔቱ በሞተር ሙቀት እንዳይደክም የሚጨመሩት ዲስፕሮሲየምና ቴርቢየም ግን ለረጅም ጊዜ ከቻይና እጅ አልወጡም። ሁለቱ ባለሀብቶች በ2023 ተጨማሪ 200 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አፍስሰው ከማውንት ዌልድ ከሚገኙት ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች እስከ 65 በመቶ የመግዛት መብት አገኙ። በኤፕሪል 2025 ቻይና እነዚህኑ ጨምሮ ሰባት ንጥረ ነገሮች ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ወሰነች። የማሌዥያው ማጣሪያ የመጀመሪያውን ዲስፕሮሲየም ማምረቱን ያስታወቀው በቀጣዩ ወር፣ ከጀልባው ግጭት 15 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር።