ከመደቡ ማን ያንሣቸው?

ጥቅምት ላይ የራያ ማሽላ ፍሬ ሲይዝ ወፍ ጠባቂ ይፈልጋል። ጉልበት ያለው ሰው መስኖና ሽንኩርት ላይ ስለሚውል ማማው ለልጆችና ለሽማግሌዎች ይቀራል። መውጫው ግንድ ነው፤ የጠዋት ጠል ሲነካው ያንሸራትታል። ኅዳር ገብቶ አጨዳው ሲጀመር ደግሞ አገዳ ተሸክሞ ማግባት አለ። ለከብቱ የበጋ ቀለብ ነውና ሜዳ ላይ ጥሎት የሚገባ የለም። ቦኖ የወረዱ እናቶችም 20 ሊትር ጀሪካን አዝለው ይመለሳሉ፤ ጀርባቸው ላይ 20 ኪሎ ማለት ነው። ቆቦና ዙሪያዋ ላይ የአረጋውያን ወገብ የሚጎዳው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። «ወገቤ ቅንጥስ አለ» ይላሉ፤ ከዚያ መቆም ያቅታቸዋል።

ቀጥሎ የሚሆነውን የአካባቢው ሰው በሙሉ ያውቀዋል። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ አስፋልት ዳር ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ ቆቦ። ጉዳዩ ከበድ ካለ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወልድያ፣ ከዚያም ካለፈ ሌላ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ደሴ ይደርሳሉ። ራጅ ይነሣሉ። አጥንቱ «ትንሽ ተጨፍልቋል» ይባላሉ፤ ማስታገሻ ይታዘዝላቸውና «ዕረፍት ያድርጉ» ተብለው ይሸኛሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው። ሐኪሙ «ዕረፍት» ሲል ሸክም አይሸከሙ፣ ጎንበስ ብለው አይሥሩ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ የሚሰማው ግን «አይነሡ» የሚለውን ነው። መደቡ ላይ ይነጠፍላቸዋል፤ ምግቡም ውኃውም እዚያው ይቀርባል፤ ሊነሡ ሲሞክሩ «አባባ፣ ኧረ ይተኙ፣ እኛ አለንልዎ» ይባላሉ። ከልብ የመነጨ እንክብካቤ ነው። ጠያቂው አይቋረጥም፤ በሩም ብርድ እንዳይገባ ገርበብ ይላል። ሁለት ወር ሲሞላ ወገቡ ሕመሙን ቀንሷል፣ እግሩ ግን አልሸከም ይላል። ከመደቡ ወደ ደጅ መውጣት ያቃታቸው ሽማግሌ የሳምባ ምች ይይዛቸዋል፣ ጀርባቸው ይቆስላል፣ ወይም ዝም ብለው ይከሳሉ። ያኔ ሰው «ያ አወዳደቅ ገደላቸው» ይላል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የሚገድላቸው መኝታው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 60 ዓመት ያለፋቸው ጤነኛ ሰዎችን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አዋለ። ምንም ሕመም አልነበራቸውም፤ ምግብም አልጎደለባቸውም። በ10 ቀን ውስጥ ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። 10 ቀን ይህን ካደረገ፣ እየታመሙ፣ ምግብ እየዘጋቸው መደብ ላይ የሚውሉ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ምን እንደሚተርፋቸው መገመት አይከብድም። ከዚያ 21 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ሌላ ጥናት ድንገት ወገባቸውን ያመማቸውን 203 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ለገሚሱ የ2 ቀን፣ ለገሚሱ የ7 ቀን መኝታ አዝዞ ነበር። ሁለት ቀን ብቻ የታዘዘላቸው ከሥራ የቀሩበት ቀን በ45 በመቶ ያነሰ ሆነ። ብዙ መተኛት ያስገኘው ጥቅም አልታየም።

ስለ ስብራቱም እንነጋገር፤ ቃሉ ራሱ ያስደነግጣልና። በዕድሜ የሳሳ የጀርባ አጥንት ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው የፊት ለፊት ገጹ መጨፍለቅ ነው። እንደ ተጫነ የጭቃ ጡብ ከፊት ይጠብና ሰውየውን ወደ ፊት ያጎብጠዋል። በአብዛኛው ነርቭ አይነካም። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜም በራሱ ይጠገናል። ባደጉት አገሮች ዘንድ በተሰበረው አጥንት ውስጥ ሲሚንቶ መሳይ ነገር በመርፌ መክተት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ጥናቶች ይህን ሕክምና ከሐሰተኛ መርፌ ጋር አወዳድረው ልዩነት አላገኙም። ይህን የማነሣው ከቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችውን አዲስ አበባን እያሰቡ «ገንዘብ ቢኖረን ኖሮ አባታችንን እናድን ነበር» የሚሉ ልጆች ስላሉ ነው። ለአብዛኛው እንዲህ ዓይነት ስብራት የቀረባቸው ኦፕሬሽን አይደለም። የቀረባቸው መቼ እንደሚነሡ የሚነግር፣ እጃቸውን ይዞ የሚያቆም፣ በሳምንቱ ተመልሶ የሚያይ ሰው ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ጭራሽ መጠበቅ የሌለባቸው አሉ። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ መቀመጫና ብሽሽት አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጎ መሄድ ነው። ያኔ የጊዜ ጉዳይ ነው። ሳይወድቁ የጀመረ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ያለበት ደግሞ የጀርባ አጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው ግን አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ አርፍዶ ከተጀመረ ጉብጠቱ ይቀራል። ከብትና ግመል በሚረባበት በራያ ቆላ ሌላም የሚረሳ አለ፤ ያልፈላ ወተት የሚያመጣው የብሩሴላ በሽታ። እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት ያለበት የወገብ ሕመም ሲያጋጥም «ጥሬ ወተት ይጠጣሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ጥያቄ «ብርድ ነው» የሚለው ልማዳችን ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል።

ወጌሻውን ማውገዝ አልፈልግም። ሆስፒታል ባልነበረበት ዘመን የእጅና የእግር ስብራት ያቆመልን እርሱ ነው፤ ዛሬም ለብዙ ሰው መጀመሪያ የሚደርስለት እርሱ ነው። የአዛውንት ጀርባን ግን መጫን፣ መጠምዘዝ፣ መርገጥ አይገባውም፤ የሳሳውን አጥንት ይጨርሰዋል። በቅቤ ቀስ ብሎ ቢያሽ አይጎዳም። መተኮሱና ዋግምቱ ቁስል ከመጨመር በቀር ለተጨፈለቀ አጥንት የሚያደርጉት የለም። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዲክሎፌናክም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ደም ግፊት ወይም ኩላሊት ያለባቸውን አረጋውያን ሊጎዳ፣ ጨጓራቸውንም ሊያደማ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ስለ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ ለአረጋውያንም ጭምር መቀነቻና ጎትቶ ማከም እንዳይዘወተሩ መክሮ፣ ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን ነው ያስቀደመው።

ታዲያ እንቅስቃሴውን ማን ያስተምራቸው? በ1990ዎቹ አጋማሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ባለሙያዎቹ ግን የሚቀመጡት ትልልቅ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ወገቡን የተጎዳ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ከገጠር ቀበሌ ወልድያ ተመላልሶ ስፖርት ይሥራ ማለት፣ ወገቡ ባይጎዳ እንኳ የማይሆን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ሲጀመር ከወሎ ተሁለደሬ ነበረችበት፤ ብዙ ቤተሰብ ከሕክምና ዕዳ አውጥቷል። የመኪናውንና የአስታማሚውን ወጪ ግን ቤተሰቡ ነው የሚችለው። በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ የተሰጣት ሥራ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር የነበሩት 16 ፓኬጆች ስለ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ንጽሕናና ተላላፊ በሽታ ነበሩ። ትልቅ ውጤት አምጥተዋል፤ የብዙ ሕፃን ሕይወት ተርፏል። ወድቀው የተኙ አያት በዚያው ቤት ጥግ ቢኖሩም፣ ስለ እርሳቸው የምትጠይቀው ነገር በወረቀቷ ላይ አልነበረም።

በዚህ ላይ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ክረምት ጦርነት ቆቦ ገባ፤ ጳጉሜን 4 ቀን በከተማዋ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ዓመት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014፣ ውጊያው በዚያው አካባቢ እንደገና ተጀመረ። በመካከሉ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል። ሕዝብ በእግሩ ሲሸሽ መሄድ ያልቻሉት አዛውንቶች ቤት ጠባቂ ሆነው ቀሩ። በእንዲህ ያለ አገር የአረጋዊ ወገብ ቅንጦት ይመስላል፤ አይደለም። ተነሥቶ መራመድ መቻል እዚህ ከሞት ማምለጥ ነው።

ይህን ልታስተምር የምትችለው ቤት ለቤት የምትሄደው የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ለእርሷ የሚጨመረው ትምህርትም ከባድ አይደለም። የአደጋ ምልክቶቹን ከላይ ጠቅሻቸዋለሁ። የተቀረው አነሣሥ ነው። ሲነሡ ቀጥ ብለው በጀርባቸው አይነሡ፤ መጀመሪያ መላ ሰውነታቸውን በአንድነት ወደ ጎን ያዙሩ፣ እግራቸውን ከመደቡ ያውርዱ፣ በክንዳቸው ገፍተው ይቀመጡ፣ ጥቂት ትንፋሽ ይሳቡ፣ ከዚያ ምርኩዝ ይዘው ይቁሙ። በርጩማው ዝቅ ያለ ስለሆነ ይነሣና ከፍ ያለ ወንበር ይቀመጥላቸው። መጸዳጃው ውስጥ የሚይዙት እንጨት ይተከል። ቆላ ነውና ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋቱ ደጅ ይውጡ፤ ፀሐዩ ራሱ ለአጥንት ያስፈልጋል። ስግደትም ሶላትም ተቀምጦ ይቻላል፤ ቄሱና ሼኹ ራሳቸው ቢነግሯቸው ደግሞ ልባቸው ያርፋል። ከተሻላቸው በኋላም ጀሪካኑ ባለ 5 ሊትር ይሁን፤ አገዳውን አህያ ይሸከመው። አንድ ጊዜ ጀርባቸው ከተሰበረ ሴቶች መካከል ከ5 አንዷ በዓመቱ ውስጥ ሌላ ስብራት ይደገምባታል።

ስንት ጊዜ ይራመዱ ለሚለው፣ ሰዓት ለሌለው ቤት ሰዓት አለን፤ ቡና። አቦሉ ሲቀዳ እስከ በሩ ደርሰው ይመለሱ፤ ቶናው ላይ እስከ አጥሩ፤ በረካው ላይ ጎረቤት በር ድረስ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲኒውን መደቡ ድረስ አታምጡላቸው፤ ረከቦቱ ዘንድ ይምጡና ይጠጡ።